ባለ በሩ ቲያትር

የወህኒው የሴቶች ቤት ድሮ የቡና መጋዘን ነበር። ጠባቂዋ በሩን ስትከፍት ቀድሞ የመጣው የሰው ሽታ ሳይሆን የጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ሽታ ነው። ዲላ ላደገ ልጅ ይህ ሽታ እንግዳ አይደለም፤ ቡና በሚገባበት ወር ከተማው ሁሉ እንደዚያ ይሸታል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ አልፈራሁም። ያስፈራኝ መስኮት አለመኖሩ ነው። ቡና መስኮት አያስፈልገውማ።

ወለሉ ሲሚንቶ ነበር። በስንጥቆቹ ውስጥ ያረጁ የቡና ፍሬዎች ተሰክተዋል። አሥራ አንድ ሴቶች ቀና ብለው አዩኝ። የለበስኩት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነው፤ ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው ጠርተው ያወጡኝ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር።

ከሁሉም ወፈር ያለችው፣ ሻሿን ወደ ኋላ ያሰረችው ሴትዮ፣ ከፍራሿ ሳትነሳ ጠየቀችኝ።

«ይቺ ደግሞ ምን ሰረቀች?»

«ምንም አልሰረቅኩም። ጽፌ ነው።»

«ምን ጻፍሽ?»

«የሌላ ሰው ንግግር።»

ሳቀች። ጥርሷ ወርቅ ነበረው። «እኔም የሌላ ሰው ቡና ነው የጫንኩት ብያቸው ነበር። አልሰሙኝም። ነይ፣ እዚህ ጋ ተቀመጪ።»

የቤቱ ኃላፊ እሷ ነበረች። ቤተሰቦቿ ከጉራጌ አገር መጥተው ዲላ ላይ ሱቅና የጭነት መኪና ያላቸው ሙስሊም ነጋዴዎች ናቸው። ያለ ፈቃድ ቡና ስታጓጉዝ ኬላ ላይ ተይዛ ነው የገባችው። እኔ እትዬ እላት ነበር፤ እዚህም እትዬ እላታለሁ።

የገባሁበትን ምክንያት መናገር አለብኝ፤ አለበለዚያ የሚቀጥለው አይገባም።

የቀበሌያችን ኪነት ቡድን በዓመት ሁለት ጊዜ ቲያትር ያሳያል። የሚታየውን የሚመርጥ አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ነበረ። እኔ የኮሚቴው ጸሐፊ ነበርኩ፤ እዚያ የገባሁት በእጅ ጽሑፌ ነው፣ ሌላ ሙያ አልነበረኝም። ኮሚቴ ሲባል ቁም ነገር የሚወራ ይመስላል። እኛ ግን ቲያትር የምንመርጠው በዕቃ ነበር። አልጋ የሚፈልገውን «ባለ አልጋው» እንለዋለን፤ አልጋ የሚያውሰን አውቶቡስ ተራ ያለ አንድ ሆቴል ብቻ ነው፣ እሱም እንግዳ ያልያዘው ቀን። ሽማግሌ ያለበትን «ባለ ጢሙ» እንለዋለን፤ ጢሙ ከበግ ፀጉር ይሠራል፣ በሙቀት ይወድቃል። ሦስተኛው ደግሞ ባለ በሩ ነው። ከበሩ ኋላ ሰው ስለሚደበቅ እውነተኛ በር ይፈልጋል። ያን ዓመት የአናጢዎች ማኅበር ሠርቶት ባለቤቱ ሳይወስደው የቀረ በር ነበረና ባለ በሩ ተመረጠ። እኔ የታሰርኩት አንድ ሰውዬ በሩን ሳይወስድ ስለቀረ ነው ማለት ይቻላል።

ሙሉው ጽሑፍ አንድ ቅጂ ብቻ ነበረው፤ እሱም ለፈቃድ አዋሳ ተላከ። ከመላኩ በፊት ግን ለተዋናዮቹ ገለበጥኩት። ወረቀት ውድ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ተዋናይ የራሱን ድርሻ ብቻ ነው የምጽፈው፤ ከእሱ በፊት የሚናገረው ሰው መጨረሻ ላይ የሚላትን ሁለት ሦስት ቃል ከላይ አስቀምጣለሁ፣ መቼ እንደሚጀምር እንዲያውቅ። ስለዚህ አንዱ ደብተር የእናት ነው፣ አንዱ የአብዮት ጠባቂዎች፣ አንዱ ደግሞ የከሃዲው። ሁሉንም የሚያውቀው አዋሳ የሄደው ጽሑፍና የእኔ ጭንቅላት ነበር።

ከሃዲውን የሚጫወተው ይርጋጨፌ አጠገብ ኮንጋ በሚባል ቦታ ያለው ቡና ማጠቢያ ላይ ሚዛን የሚይዝ ሰው ነው። ቃሉን የሚያጠናው ወደ ሥራ ሲሄድና ሲመለስ አውቶቡስ ላይ ነበር። አንድ ቀን ይርጋጨፌ ሲወርድ ደብተሩን ወንበር ላይ ረሳው። ደብተሩ ውስጥ ቲያትር የሚል ቃል የለም። ያለው እንዲህ ነው፦ «ቡናችሁን በኩንታል ይወስዳሉ፣ መፈክር በኩንታል ይሰጧችኋል። እንግዲህ መፈክሩን ቆልታችሁ ጠጡ!» እንዲህ ያለ ስድስት ገጽ፣ በእኔ ጽሑፍ፣ ጥሩ ጥሩው ቦታ ላይ በቀይ ተሰምሮበት።

ባለ ሚዛኑ ደብተሩ ፖሊስ እጅ መግባቱን ሲሰማ ጠፋ። ሞያሌ ገባ ተባለ። የቀሩት ተዋናዮች ደብተራቸውን አቃጠሉ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ብሆን አቃጥል ነበር።

መርማሪው ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነው።

«ይህን የሚለው ከሃዲው ነው አልሽ» አለኝ።

«አዎ ጓድ። መጨረሻ ላይ ይያዛል።»

«የሚይዙት የታሉ? እዚህ ደብተር ላይ ከእሱ በቀር የሚናገር ሰው አላየሁም።»

«እነሱ በሌላ ደብተር ናቸው።»

«ደብተሩስ?»

«ተቃጥሏል።»

«ሙሉውስ?»

«አዋሳ ነው።»

«አዋሳ ጽፈናል። የለም ነው የሚሉት፤ እየፈለጉ ነው።» ደብተሩን ገለበጠ። «አንድ ነገር ንገሪኝ። ከሃዲ ከሆነ ለምን እንዲህ አሳምረሽ ጻፍሽለት?»

እውነቱን ለመናገር ደራሲው፣ ስሙን እንኳ የማናውቀው ሰው፣ ጥሩውን ቃል ሁሉ ለከሃዲው ነው የሰጠው። ለሌሎቹ የተረፈው «ወደፊት» ብቻ ነበር። ይህን ግን ለመርማሪ አይነግሩትም።

ሦስት ወር እንደዚህ ሄደ። ከዚያ የአብዮት በዓል ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የወህኒ ቤቱ አዛዥ፣ መቶ አለቃው፣ የሴቶቹ ቤት በር ላይ መጥቶ ቆመ። የወንዶቹ ቤት መዝሙር አዘጋጅቷል፤ ከሴቶቹ ደግሞ ቲያትር ይፈለጋል አለ። «ከመካከላችሁ የቲያትር ሰው አለች አሉ።» ወደ እኔ አየ። «ምረጡና ንገሩኝ። እንግዶች ይመጣሉ፤ እንዳታሳፍሩኝ።»

ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። በማግስቱ መርማሪው ሲያስጠራኝ ነገርኩት። ባለ በሩ ከተመረጠ፣ ከቃሉ አንድም ሳይጎድል ከነያዡ ከነተያዡ ያየዋል። መቶ አለቃው እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ እሱም አገዘኝ። «የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ቲያትር ከሆዷ አትፈጥርም» አለ።

መርማሪው አሰበ። «እሺ» አለ። «ይህ ንግግር ከተያዘ ከሃዲ አፍ ሲወጣ በጆሮዬ ከሰማሁ ፋይልሽን እዘጋለሁ። ከበዓሉ ማግስት እናትሽ ቤት ትገቢያለሽ።»

እንግዲህ የቀረው ሴቶቹ ባለ በሩን እንዲመርጡ ማድረግ ነው። በኮሚቴ ሥራ የተማርኩት ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ እንዲመረጥ የምትፈልጊውን ቲያትር መጨረሻ ላይ ትናገሪዋለሽ፣ ሌሎቹን ደግሞ አሳጥረሽ። ማታ ስብሰባ ተጠራ ብዬ አላጋንንም፤ ከምሳ በኋላ ነው፣ ሴቶቹ ግድግዳ ተደግፈው ሳለ።

ባለ አልጋውን በሦስት ቃል ጨረስኩት። አንዲት ሴት ትታመማለች፣ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፣ ትድናለች።

«ይሄ ቲያትር ነው ወይስ የካርድ ክፍል?» አለች እትዬ።

ባለ ጢሙን፣ ማንበብ አልማርም ያለውን ሽማግሌ፣ እውነቱን ለመናገር በጣም የሚያስቀውን፣ እንደ ትምህርት አድርጌ አቀረብኩት። ሁለት ሴቶች አዛጉ። ከዚያ ባለ በሩን ጀመርኩ። ድምፄን ለወጥኩ፤ ተነስቼ ቆምኩ። የጠፋው ልጅ፣ ከሃዲው፣ እናቱ ቤት በበሩ ሾልኮ ሲገባ አሳየኋቸው፤ የአብዮት ጠባቂዎቹን እርምጃ በእግሬ ሲሚንቶው ላይ መታሁላቸው። የከሃዲውን ንግግር ስናገር እትዬ ተነስታ ተቀመጠች።

«እሱን እኔ ነኝ» አለች። «ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ቃል ለሌላ ሰው አልሰጥም። ኬላው ላይ ልላቸው የፈለግሁት ይሄንኑ ነው።»

ከማዕዘኑ ሌላ ድምፅ መጣ። ከወርቃ በኩል የመጡ የጌዴኦ ሴት ናቸው፤ እማማ ነበር የምላቸው። ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ጠፋ፤ እሱ እስኪገኝ እሳቸው ተያዙ። አማርኛቸው ጥቂት ናት፤ ሰውን ሁሉ፣ እኔንም ጭምር፣ አንተ ነው የሚሉት።

«አንተ ልጅ፣ ያ ከበሩ ኋላ ያለው መጨረሻ ምን ይሆናል?»

ሁሉም ወደ እኔ አዩ። ማን እንደጠየቀ አውቃለሁ፤ ለምን እንደጠየቁም አውቃለሁ።

«መጨረሻው ጥሩ ነው እማማ» አልኳቸው።

ምርጫው የተካሄደው በቡና ፍሬ ነው። ከወለሉ ስንጥቅ እያንዳንዷ አንድ አንድ ፍሬ ፈለቀቀች፤ ሦስት የጣሳ ኩባያ ተደረደረ። ባለ በሩ ዘጠኝ አገኘ። እማማ ፍሬያቸውን የጣሉት ባለ በሩ ውስጥ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ።

በሩ ችግር አልሆነም። መድረኩ የራሳችን ቤት ደጃፍ፣ በሩም የራሳችን በር እንዲሆን ተወሰነ። «በር የማይጠፋበት ቤት ነው» አለች እትዬ። እኔ ከበሩ ኋላ ከእሷ ጋር እቆማለሁ፤ ተዋናይ ቃል ሲጠፋው በስንጥቁ ሹክ የምለው እኔ ነኝ። እናቲቱን ማን ይጫወት ሲባል እትዬ ሳታስብ እማማን ጠቆመች። በዕድሜ የሚመጥኑት እሳቸው ብቻ ነበሩ። እኔ ሌላ ሰው ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ነገሩ ጥያቄ ውስጥ እንዳይገባ፣ ቲያትሩ እንዳይበተንብኝ ፈርቼ ነው።

ማንበብ ስለማይችሉ ድርሻቸውን በጆሮ ነው ያስጠናኋቸው። ቶሎ ያዙ። ልጁ ሲገባ ደነገጡ፣ ምግብ አቀረቡ፣ ለበሩ መወርወሪያ አደረጉ። እንዲህ ያድርጉ ያላቸው የለም። መጨረሻ ላይ ጠባቂዎቹ መጥተው «እናት፣ ልጅሽ የት ነው?» ይላሉ። የእናቲቱ መልስ «ከበሩ ኋላ ነው፣ ውሰዱት» ነው። ከዚያ ልጁ ይወጣል፤ ተይዞ መሐል ቆሞ ያን ንግግር ይናገራል። ይህ ቃል ካልተባለ በሩ አይከፈትም፤ በሩ ካልተከፈተ ንግግሩ የለም።

ይህን ቃል ስነግራቸው እማማ ቀና ብለው አዩኝ።

«መጨረሻው ጥሩ ነው አላልክም?»

መዋሸት ደከመኝ። «ለእኔ ነው ጥሩ የሆነው እማማ» አልኩና መርማሪው ያለኝን ሁሉ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። የነጠላቸውን ጫፍ ጠቀለሉ፣ ፈቱ።

«ይህ ቃል ከተባለ ቤትህ ትገባለህ?»

«እገባለሁ።»

«እንግዲያ እላለሁ» አሉ። «ዛሬ ግን አልልም። ያን ቀን እላለሁ።»

በየልምምዱ እዚያ ቦታ ስንደርስ እጃቸውን አንስተው በሩን ይጠቁማሉ፤ ቃሉን ግን አይሉም። «ያን ቀን» ይላሉ። አንድ ቀን መቶ አለቃው ልምምድ ሊያይ መጣ። «እናቲቱ እሷ ናት?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ፈገግ አለ። «ጥሩ ነው። ትለማመድ።»

ያቺን «ትለማመድ» እትዬም ሰምታለች። በኋላ ሻሿን እያሰረች «ሰማሽው?» አለችኝ።

«ሰማሁት።»

«እኔ እንጃ» አለች። «ልጅ መጠቆም ነው የሚያለማምዷቸው።»

የበዓሉ ቀን ጠዋት ካፊያ ነበር፤ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ወጣ። ወንዶቹ እስረኞች እርጥቡ መሬት ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። እንግዶቹ ወንበር ላይ። መርማሪው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበር፤ ያ የእኔ ደብተር ጉልበቱ ላይ አለ፣ ከንግግሩ ጋር ሊያመሳክር። ይህን ሁሉ ያየሁት በበሩ ስንጥቅ ነው። ስንጥቋ የጣት ስፋት ናት፤ ዓይን ወይም አፍ እንጂ ሁለቱን አታስገባም። ስለዚህ አያለሁ፣ ከዚያ ሹክ እላለሁ፣ ከዚያ እንደገና አያለሁ።

ቲያትሩ ጥሩ ሄደ። ራሴን አላመሰግንም፤ ግን ጥሩ ሄደ። እትዬ ሻሿን እንደ ጥምጥም ጠቅልላ ሾልካ ስትገባ ወንዶቹ አፏጩ። ምግቡን እየበላች «እማዬ፣ ሽሮው ጨው የለውም» ብላ ጨመረች፤ ጽሑፉ ላይ የለም። እማማ ወዲያው «ጨው ከማኅበሩ አልመጣም» አሏት። ይሄም የለም። ግቢው በሳቅ ተናወጠ። መቶ አለቃው ሳይቀር ሳቀ።

ከዚያ ጠባቂዎቹ መጡ። እትዬ ከበሩ ኋላ ገብታ አጠገቤ ቆመች፤ ሰውነቷ ይሞቃል። ለንግግሯ ጉሮሮዋን በቀስታ ጠረገች።

«እናት፣ ልጅሽ የት ነው?»

እማማ እጃቸውን አነሱ። በልምምድ እንዳደረጉት ወደ በሩ ዘረጉት፣ ግን መሐል ላይ ቆመ። አፋቸው ተከፈተ። ቃሉ አልወጣም።

ጠባቂ የሆነችው ልጅ ደገመች። «የት ነው ልጅሽ?»

ቃል የጠፋው ተዋናይ ጆሮውን ወደ ሹክ ባዩ ያዘነብላል፤ እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው። እማማ አንገታቸውን ወደ በሩ አዘነበሉ። ቃሉን እየጠበቁ ነበር። እንደሚሉት ቃል ገብተውልኛል፤ እንድሰጣቸው ብቻ ነው የቀረው። አፌን ስንጥቁ ላይ ከማድረጌ በፊት አንድ ጊዜ አየሁ። መርማሪው የእኔን ደብተር ዘግቶ ከኪሱ ሌላ ትንሽ ማስታወሻ አውጥቷል። ብዕሩን ይዞ የሚያየው በሩን አይደለም፤ እማማን ነው።

«የለም» አልኩ።

እማማ አልሰሙም መሰለኝ። አልተንቀሳቀሱም።

«የለም በሏቸው እማማ። የለም።»

እጃቸው ቀስ ብሎ ወረደ።

«የለም» አሉ። ድምፃቸው ከልምምዱ ሁሉ የጎላ ነበር። ከዚያ ከራሳቸው ጨመሩ። «ልጅ የለም። እኔ ነኝ ያለሁ።»

ጠባቂዎቹ ተያዩ። በደብተራቸው የሚቀጥለው «ያዘው!» ነው፤ የሚያዝ ግን የለም። አንደኛዋ ትንሽ አሰበችና «እንግዲያ ሲመጣ ፈልገውህ ነበር በይው» አለች። ዞረው እርምጃቸውን ጠብቀው ሄዱ።

ከወንዶቹ መሐል አንድ ሰው አጨበጨበ፣ ከዚያ ብዙ። ምን እንዳጨበጨቡለት እርግጠኛ አይደለሁም። ምናልባት ማለቁን ነው።

ከበሩ ኋላ እትዬ ክንዴን ያዘች።

«ምን አደረግሽ? ንግግሬስ?»

«ቀረ።»

«የእኔ ይቅር። ያንቺ ነበር እኮ!»

«አውቃለሁ።»

በጨለማው አየችኝ። ጥምጥሟን ፈታች፣ ፊቴን ጠረገችልኝ፣ መልሳ ራሷ ላይ አሰረችው። «ስድስት ገጽ ሙሉ በቃሌ አጥንቼ» አለች። «ስወጣ ለባሌ ነው የምለው።»

መርማሪው በሦስተኛው ቀን አስጠራኝ።

«ከሃዲው የታል?»

«አልተያዘም ጓድ።»

«ይያዛል ብለሽኝ ነበር።»

«በጽሑፉ ይያዛል። መድረክ ላይ ስሕተት ተፈጠረ።»

«ማን ነው የተሳሳተው? አሮጊቷ?»

«እኔ ነኝ። እሳቸው ሹክ ያልኳቸውን ነው ያሉት። ማንበብ አይችሉም፤ ከእኔ ሌላ ቃል የሚያገኙበት የለም።»

ያቺን ትንሽ ማስታወሻ አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ሂጂ» አለ። ፋይሉ እንደተከፈተ ቀረ። እናቴ ለአዲስ ዓመት ያዘጋጀችውን ምግብ በሳህን አድርጋ በር ላይ ሰጠች፤ ጠባቂዋ አስገባችልኝ፤ ለአሥራ ሁለት ተካፈልነው።

እማማ ከእኔ በፊት ወጡ። የአገራቸው ሽማግሌዎች ዋስ ሆኑላቸው፤ ልጁ አልተገኘም። ሲወጡ ተቃቅፈን ተላቀስን ብዬ ብጽፍ ያምራል፤ እኔ ግን ያን ሰዓት ውኃ ልቀዳ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ማዕዘናቸው ባዶ ነው።

እኔን ያስፈታኝ አዋሳ ነው። ከበዓሉ አምስት ወር በኋላ ሙሉው ጽሑፍ ከሆነ መሳቢያ ተገኝቶ መጣ። ማኅተም አለው። «ለመድረክ ተፈቅዷል» ይላል፤ ከሥሩ በእጅ ጽሑፍ «የከሃዲው ንግግር ትንሽ ይጠር»። መርማሪው ወረቀቱን አሳየኝ። አልሳቅንም። ፎርም አስፈረመኝ፣ ከክፍል ሲያወጡኝ የያዝኩትን የሒሳብ ደብተሬን መለሰልኝ፤ የከሃዲውን ግን አስቀረው።

አሁን ደርጉ ከወደቀ ሁለት ዓመት አለፈው። እኔ አሥራ ስምንት ሞልቶኛል፤ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ። የኪነት ቡድኑ እንደገና ተሰብስቧል፣ አዳራሹም አለ፣ ኮሚቴውም አለ። አሁንም የምንመርጠው በዕቃ ነው። አልጋ አሁንም ችግር ነው። ባለፈው ወር አንዱ «ባለ በሩን ለምን አናሳየውም?» አለ። መጨረሻው ከተቀየረ እገለብጠዋለሁ አልኩ። ተከራከርን፣ እጅ ወጣ፣ አለፈ። የእናቲቱን ደብተር ስገለብጥ መጨረሻው ገጽ ላይ «የለም» ብዬ ጻፍኩና ብዕሬን አስቀመጥኩ። በጣም አምሮ ተጻፈ። አሳምሬ በመጻፌ አሁን የሚጠይቀኝ የለም። ሙሉው ቅጂ ግን በሦስት ሰው ቤት ተቀምጧል፤ አንዱ የእትዬ ሱቅ ነው። እሷ አሁንም ንግግሩን ደንበኛ ፊት ትለዋለች።

ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት ባለፈው ቅዳሜ ነው። ገበያ መሐል አንድ ሰው ትከሻዬን ነካኝ። ዞር ስል እማማ ናቸው። ቀጥነዋል፤ ነጠላቸው አዲስ ነው። ከኋላቸው ቆጮ የተሸከመ፣ ፊቱ እሳቸውን የሚመስል ረጅም ሰው ቆሟል። ሰላምታ አልጨረስንም፣ ወዲያው ጠየቁኝ።

«አንተ ልጅ፣ ያን ቀን ቃሉን ረሳህ አይደል?»

«ረሳሁ እማማ።»

ፊቴን መረመሩት። «ጥሩ ረሳህ» አሉ።

ረጅሙ ሰው ሸክሙን አውርዶ በጌዴኦኛ የሆነ ነገር ጠየቃቸው። ማን ናት ማለቱ መሰለኝ። እማማ እጃቸውን አነሱ፤ ያን ቀን መሐል ላይ የቀረውን ያንኑ እጅ። አሁን አልቆመም፤ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ እኔን ጠቆመ። ለእኔም እንዲገባኝ በአማርኛ ነው የመለሱለት።

«ከበሩ ኋላ የነበረው እሱ ነው።»